በርቺ አትበዪኝ

ካርቱም፣ ዴም
ጁምዓ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለምናፍቅሽ እናቴ ለሉጥፊያ፣

እማዬ፣ የጅዳ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? የጉልበትሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። እዚህ በርዷል። ጠዋት ጠዋት ካፉሪ የምሠራበት ቤት የቧንቧ ውኃ እንደ በረዶ ስለሚሆን የእጄ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፤ ዘይት እቀባዋለሁ። ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም።

እትዬ ሬሕማ፣ ይህን ለእናቴ የምታነቢላት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። እባክሽ ሰው በሌለበት አንብቢላት። መሐል ላይ «በቃ ተዪው» ብትልሽም እስከ መጨረሻው አንብቢላት። ደብዳቤ እንደ ስልክ አይደለም፤ በስልክ እኔ መናገር አልችልም።

እማ፣ ባለፈው ስትደውዪ ከሱቁ ስልክ ላይ «እሺ» ብቻ ብዬሽ ዘጋሁት። ባለሱቁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እትዬ ማዘንጊያ ደግሞ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር አጣብቃ ትሰማ ነበር። «ማዘንጊያ ሁሉንም ነገረችኝ፤ አኮራሽኝ ልጄ፣ በርቺ» አልሽኝ። አራተኛ ክፍልን ያለፍኩ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ብለሽኝ አታውቂም። እማ፣ በርቺ አትበዪኝ። እትዬ ማዘንጊያ የነገረችሽ የሆነውን ነው፤ እንደሆነው አድርጋ ግን አልነገረችሽም።

የምጽፍልሽ ለአንድ ነገር ነው። እትዬ ጦይባ የት እንዳለች አላውቅም። የማንንም ስልክ አልያዘችም፤ ያንቺን ግን በቃሏ ታውቀዋለች፤ እንደ ዱዓ ስትደጋግመው ሰምቻታለሁ። ለማንም ባትደውል ላንቺ ትደውላለች። አንቺ ደግሞ በስልኩ «ያቺ ወያኔ ብትደውል አላነሣላትም» ብለሽኛል። አንሺላት እማ። ከምንም በፊት የሆነውን ስሚ።

እትዬ ሬሕማ ቤታችንን ስለማታውቀው እሷም እንድትረዳው ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ። ዴም ያለውን አንድ ክፍል ቤት እናቴ፣ እትዬ ጦይባና እትዬ ማዘንጊያ ሦስት ሆነው ነው የተከራዩት። ሁላችንም አሠሪዎቻችን ቤት ነው የምናድረው። ክፍሉ ሻንጣችን የሚቀመጥበት፣ ጁምዓ ጁምዓ ተሰብስበን የምንውልበት ነው። በኋላ እትዬ እፀገነትና ሌሎችም ገቡበት። እናቴ ከመሄዷ በፊት የተናገረችው ሕግ አለ፦ ሥራ ያጣች ወይም የታመመች ሴት በመስኮቱ ሥር ባለው ፍራሽ ላይ ትተኛለች፤ እስክትቆም ማንም ተነሺ አይላትም። እናቴ ወደ ጅዳ ስትሻገር እኔን ለእትዬ ጦይባ ነው የሰጠችኝ። እሷ ናት ካፉሪ ከምትሠራበት ቤት ያስገባችኝ። እሷ ታበስላለች፣ እኔ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ።

እትዬ ጦይባና እትዬ ማዘንጊያ ድሮ እንዴት ይከራከሩ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ደሴ ይበልጣል ደብረ ማርቆስ፣ የንጉሡ ጊዜ ይሻላል የደርግ፣ ምስርን አስቀድሞ መቁላት ነው ወይስ መቀቀል። አንዷ ስትናገር ሌላዋ «ቆይ፣ ምን ማለትሽ ነው?» እያለች ታስደግማት ነበር። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ አያቸው ነበር። በሆዴ አንዴ እትዬ ጦይባን፣ አንዴ እትዬ ማዘንጊያን እደግፍ ነበር።

ከዚያ ምርጫው መጣ። ጁምዓ ቀን ሬዲዮው አይዘጋም። ሰኔ ላይ የእትዬ ማዘንጊያ ወንድም ስለሺ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተመቶ ሞተ። አሠሪዋ ቤት ስትተኩስ ነው በስልክ የነገሯት፤ ያን የምትተኩሰውን ጀለቢያ አቃጥላዋለች። ፎቶውን አሳይታኛለች። ከእኔ ብዙ አይበልጥም፤ ኳስ ታቅፎ ይስቃል። እኔም አልቅሻለሁ። እትዬ ጦይባም አልቅሳለች፤ ሐዘን የተቀመጥን ቀን ውኃ ስታቀርብ የዋለችው እሷ ነበረች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሴቶቹ ወታደሮቹን እየረገሙ ሳለ እትዬ ጦይባ ሽንኩርት እየላጠች፣ «ወታደርኮ ታዞ ነው» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች እትዬ ማዘንጊያ።

«ታዞ ነው አልኩ። ያዘዘውን አላህ ይያዘው።»

ሁለተኛውን የሰማ የለም። ከዚያ እትዬ እፀገነት፣ ነገር ሁሉ ቀልድ የሆነላት ሴት፣ ከአልጋ ላይ ዘላ ተነሥታ «ኧረ በሩን ዝጉ! ወያኔ ቤታችን ገብታ ሽንኩርት እየላጠች ነው!» አለች። ሁሉም ሳቁ። እትዬ ጦይባም ሳቀች እማ። ቀልድ መስሏት ነበር።

ስሙ ግን ቀረ። ወጥ ጨው ሲበዛበት «የወያኔ እጅ ነክቶት ነው» ይባላል። ዝም ስትል «ለነማን ልታደርስ ነው የምታዳምጠው?» ትላለች እፀገነት። ስትናገር «ተሟገተችላቸው» ይባላል። እንደ ድሮው «ምን ማለትሽ ነው?» የሚላት ጠፋ። «አንቺማ ይህን ማለትሽ አይቀርም» ብቻ ሆነ። አንድ ቀን «ምርጫውስ ተሰርቋል፤ እኔም ይህን አልክድም» አለች። እትዬ ማዘንጊያ ወደ ሴቶቹ ዞራ «አያችኋት? ልታወጣጣን ነው» አለቻቸው። እነሱ የሚሉትን ስትልም አልሆነላትም።

እኔ ምሥጢሯን አውቅ ነበር። ደብዳቤዎቿን የምጽፍላት እኔ ነኛ። ልጇ ሳሊህ ወታደር ነው። ዛላምበሳ፣ ድንበር ላይ ነው ያለው። ገና ልጅ ሆኖ የገባው ለዳቦ ብሎ ነው። «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላኛለች። እኔ ደግሞ ለማን እነግራለሁ? እኔኮ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ማውጣት ያቅተኛል።

ረመዷን ሲያልቅ ሆዷ አበጠ፣ ዓይኗ ብጫ ሆነ፤ ጉበቷ ነው ተባለ። የአሠሪያችን ሚስት «ኢንሻአላህ ስትድኚ ትመለሻለሽ» ብላ ሸኘቻት። እትዬ ጦይባ በመስኮቱ ሥር ያለው ፍራሽ ላይ ተኛች። ሴቶቹ አልከለከሏትም። ሾርባም ይሰጧታል፤ አያናግሯትም እንጂ። አንድ ሐሙስ ማታ አስፈቅጄ ልጠይቃት ስሄድ ደክሟት «ዱዓ ይደረግልኝ፤ ሁሉም አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችኝ። ሄጄ ሼህ ሙሄዲንን ለመንኳቸው። ካፉሪ ዘበኛ የሆኑት፣ አንቺ ስትሄጂ ዱዓ ያደረጉልሽ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ ማዘንጊያም እሺ አለች። ክርስቲያን ብትሆንም ዱዓ ላይ ከማንም በላይ ጮክ ብላ አሚን የምትለው እሷ እንደነበረች ታውቂያለሽ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ተሰበሰብን። ቴምርና ሻይ ነበር። ሼህ ሙሄዲን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው «ያላ ልጆቼ፤ ቂም ባለበት ዱዓ አያርግም። መጀመሪያ አውፍ ተባባሉ» አሉ። ሴቶቹ ተራ በተራ ወደ ፍራሹ እያዩ «አውፍ ብያለሁ» አሉ። እትዬ እፀገነትም አለች። እትዬ ማዘንጊያ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«የኔ እናት፣ ማዘንጊያ?» አሉ ሼሁ።

«አባባ፣ እኔ አውፍ እላለሁ። እሷ ግን አስቀድማ ስለሺን የገደሉትን ትርገም። ወታደሮቹን ከነዘራቸው ትርገም። እኔ አሚን እላለሁ፤ ከዚያ ለጉበቷም አሚን እላለሁ።»

እትዬ ጦይባ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች። «ማዘንጊያ፣ ያዘዙትን እረግምልሻለሁ። የተኮሰውንም ስሙን ካወቅሽው እረግመዋለሁ። ወታደር ሁሉ ግን አልልም። ዱዓ ላይ የተባለ ነገር ይደርሳል።»

«እንዲደርስማ ነው የምፈልገው!»

«አልችልም።»

«ለምን?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እኮ ለምን? ወታደር ምንሽ ነው? ባልሽ ነው?» አለች እትዬ እፀገነት። አንዲቷ ሳቀች።

«እንግዲህ አባባ በዓይንዎ አይተዋል» አለች እትዬ ማዘንጊያ። «ሞቷ እንኳ መጥቶ ወያኔነቷ አይለቃትም።»

እማ፣ ያን ጊዜ ውስጤ ምን እንደሆነ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀራት፤ ያን ቃል እኔ አውቀዋለሁ ብዬ አሰብኩ። እናት መሆኗን ቢያውቁ ያዝኑላታል። እትዬ ማዘንጊያም ወንድም ያጣች ስለሆነች ከሁሉም በላይ የምትረዳት እሷ ናት። እንዲህ ነው ያሰብኩት። በዚያ ቤት በሰው መሐል ተናግሬ አላውቅም ነበር። ተነሥቼ ቆምኩና «ልጇ ወታደር ነው። ሳሊህ። ብትረግም ልጇን መርገሟ ነው» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እትዬ ጦይባ አላየችኝም። ዓይኗን ጨፈነች።

«ወታደር ልጅ አላት?» አለች እትዬ ማዘንጊያ ቀስ ብላ።

«ድንበር ላይ ነው! ዛላምበሳ ነው ያለው። አዲስ አበባን አይቶም አያውቅ። ደብዳቤውን የማነበው እኔ ነኝ።»

«ምሥጢሩን ደብዳቤ ላይ ይጽፋል እንዴ?»

«እትዬ ማዘንጊያ፣ ወላሂ...»

«ተዪው የኔ ልጅ፤ አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ የነገሩሽን ነው ያልሽው።» ከዚያ ወደ ፍራሹ ዞረች። «ሐዘኔ ላይ ተቀምጠሽ ውኃ ስታቀርቢ ነበር። ልጅሽ ወንድሜን ገድሎ፣ አንቺ ውኃ ስታቀርቢ!»

ሼህ ሙሄዲን «አስተግፊሩላህ፣ ልጁ ድንበር ላይ ነው አለች እኮ» አሉ። የሰማቸው የለም። በትራቸውን ይዘው ተነሡ። ዱዓው ሳይደረግ ቀረ። ሲወጡ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። እንዲቆዩ በዓይኔ ለመንኳቸው፤ አልቆዩም።

ማንም ውጪ አላላትም እማ። አንቺ ያወጣሽውን ሕግ አልሻሩም። እትዬ እፀገነት መጥታ «ብርድ ልብሱ የኔ ነው» አለችና ከላይዋ ገፈፈችው። ሌላዋ «አንሶላው የኔ ነው» አለች፤ እትዬ ጦይባ ይወጣላት ዘንድ ወገቧን ከፍ አደረገችላት። እትዬ ማዘንጊያ ትራሱን ከጭንቅላቷ ሥር ሳበችው። ራሷ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

«ፍራሹስ?» አለች አንዲቷ።

«ፍራሹ የጋራ ነው» አለች እትዬ እፀገነት። «የጋራችን ከሆነች ትተኛበት።»

ሳቁ። ቀልዱ ጥሩ ስለነበረ የሳቁ ይመስለኛል። እትዬ ጦይባ ያን ጊዜ ተነሣች። ቶቧን ሰውነቷ ላይ ለመጠቅለል ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ ሆዷ አስቸገራት። ሻንጣዋን አንሥቼ ተከተልኳት።

እስከ ሱቅ ዐረቢ፣ እስከ ገበያው ድረስ፣ ከኋላዋ ሄድኩ። ወደ ሶባ ሆስፒታል የሚሄደው ሃፍላ፣ አውቶቡሱ፣ የሚቆምበት ስንደርስ ዞራ ሻንጣውን ከእጄ ወሰደችው። «አብሬሽ ልሂድ» አልኳት።

«ወያኔ አሉኝ፤ ቻልኩት» አለች። «አንቺ ግን ልጄን አውጥተሽ ሰጠሻቸው።»

«እንዲያዝኑልሽ ብዬ...»

«ዛሂራ፣ እነሱ የሚያዝኑበትን ቦታ ዘግተውታል። አንቺ እንዴት ይህን አላየሽም? ጥግ ተቀምጠሽ ሁሉን ታዪ የለም?»

ሃፍላው ውስጥ ገባች። ረዳቱ «ያላ ያላ ሶባ» እያለ በሩን ዘጋው። በመስኮት አይታኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ፀሐዩ ያንጸባርቅ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ምን እንደጠበቀኝ ልንገርሽ። እትዬ ማዘንጊያ አቅፋ ሳመችኝ። «ንጹሕ ስለሆንሽ እውነቱን አወጣሽው» አለችኝ። ምግብ ሲቀርብ ከሁሉም በፊት ለእኔ አጎረሱኝ። እትዬ እፀገነት «ዝምተኛዋ ናት ለካ ጀግናችን» አለች። ትራሱንም አንሶላውንም ብርድ ልብሱንም መስኮቱ ሥር መልሰው አነጠፉትና «ከዛሬ ጀምሮ ቦታው ያንቺ ነው» አሉኝ። እማ፣ በዚያ ቤት ቦታ ኖሮኝ አያውቅም ነበር። «አይደለም፣ እኔ እንደዚያ ብዬ አይደለም» አልኳቸው። «ዓይን አፋር ናት» ብለው ሳቁ። በማግስቱ ላንቺ ደወሉልሽ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሶባ ሆስፒታል ሄድኩ። ትልቅ ክፍል ውስጥ፣ ከአንዲት ሱዳናዊት ሐጃ አልጋ አጠገብ አገኘኋት። ፊቷ ከስቷል። ብርቱካንና ሾርባ ይዤ ነበር። አጠገቧ ቆሜ «እትዬ ጦይባ» አልኳት። ወደ ሐጃዋ ዞራ በዐረብኛ ማውራቷን ቀጠለች።

ሐጃዋ «ይህች ልጅ አንቺን ነው የምትጠራው፤ እንዳንቺ ሐበሻ ናት፤ ዘመድሽ ናት?» አለቻት።

እትዬ ጦይባ አየችኝ። ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። «አላውቃትም» አለች በዐረብኛ። «ሐበሻ ሁሉ አይተዋወቅም።»

ሾርባውን ለሐጃዋ ሰጥቼ ወጣሁ። ሐጃዋ «አላህ ይባርክሽ» አለችኝ፤ ለእሷ ያመጣሁላት መስሏት ነው። በሦስተኛው ጁምዓ ስሄድ ሁለቱም አልጋ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። የበሩ ዘበኛ የሐጃዋ ልጆች በፒካፕ መጥተው ሁለቱንም እንደወሰዷቸው ነገረኝ። ከወድ መደኒ ወዲያ ያለ መንደር ነው አለኝ፤ ስሙን አያውቀውም። ሊያስታምሟት ነው ወይስ ሊቀብሯት ብዬ ለመጠየቅ ዐረብኛው ጠፋብኝ።

እንግዲህ እንዲህ ነው የሆነው። እንድትደውዪላት ብለምንሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቁጥር የላትም። ከደወለች አንሺላት። ምን እንደሆነች አትጠይቂያት። የት እንደሆነች ጠይቂያት። ስለ እኔ ምንም አትበያት፤ ስሜን ከሰማች ትዘጋብሻለች።

ከጅዳ ሆነሽ «ማዘንጊያን ስሚ፣ ከእሷ አትራቂ» ብለሽኛል። አልራቅኩም። እትዬ ማዘንጊያ ክፉ አትሆንብኝም፤ ጁምዓ ጁምዓ ስለ ስለሺ ታወራኛለች፣ ፀጉሬን ትሠራኛለች። እጇ ፀጉሬ ውስጥ ሲሆን እንደ ድንጋይ እደርቃለሁ። እሷ ግን የምፈራት አይመስላትም፤ ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው ትላለች።

ዛሬ የሆነውን ደግሞ ጽፌልሽ ላብቃ። ጠዋት አንዲት አዲስ ሴት መጣች። ትርንጎ ትባላለች፤ የቆቦ ልጅ ናት። አሠሪዋ ትናንት አባርራታለች፣ ሌሊቱን ሱቅ ዐረቢ ተቀምጣ ነው ያደረችው። የታመመች ወይም ሥራ ያጣች የምታርፍበት ቤት አለ ሲሉ ሰምታ ነው የመጣችው። ያንቺ ሕግ እስከዚያ ድረስ ተሰምቷል ማለት ነው።

እትዬ ማዘንጊያ ሻይ ሰጥታት «ቅንጅትን እንዴት ታዪዋለሽ?» አለቻት።

«እኔ ፖለቲካ አላውቅም» አለች ትርንጎ።

«አላውቅም የሚሉትን ነው የምንፈራው» አለች እትዬ እፀገነት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ዛሂራ ትንገረን እንጂ። ያቺኛዋን ያወጣቻት እሷ ናት፤ ታሸታቸዋለች።»

ሁሉም አዩኝ። መናገር ፈራሁ እማ። ባለፈው ተናግሬ የሆነውን አይቻለሁ። ምንም ብል ወደ ሌላ ያዞሩታል ብዬ፣ ምንም እንዳያገኙበት ዝም አልኩ። ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ፤ ሁልጊዜ እንደማደርገው።

«አየሽ?» አለች እትዬ ማዘንጊያ። «ዛሂራ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው።»

ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበለቻት። ገና ግማሽ ነበር። ትርንጎ ጫማዋን በሩ ላይ እያጠለቀች ቀና ብላ አየችኝ። ዕድሜዋ ካንቺ ብዙ አያንስም፤ ጥርሷ ወልቋል። ከእነሱ ሁሉ መርጣ ወደ እኔ መጣችና እጄን ልትስም ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁብሽ?» አለችኝ።

እትዬ አለችኝ እማ። ፈርታኝ ነው። እኔን ሰው ፈርቶኝ አያውቅም ነበር።

አላህ ጉልበትሽን ያድንልሽ። ክፉ ሰው አያግኝሽ፤ ክፉ ስም አያግኝሽ። ለእትዬ ሬሕማም ያነበበችበትን ዓይኗን ይጠብቅላት። መልስ ከጻፍሽልኝ በሱቁ በኩል አትላኪው፤ እዚያ ከፍተው ያነቡታል።

የምትወድሽ ልጅሽ
ዛሂራ